«ማን?» ሲሉኝ «ምን?» የመሰለኝ

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ዓይኔን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ መሪ መጨበጥ ይብቃዎት» አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ከማስቀመጤ ይልቅ «አባባ» መባሌ አናደደኝ። አሁን ኮምቦልቻ ቤቴ እውላለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ከኋላ ተቀምጬ እግሬ ፍሬን ይረግጣል፤ ኩርባ ላይ ስንደርስ እጄ የሌለ ማርሽ ይፈልጋል። ልጄ ዘሃራ ይህን አይታ፣ «አባ፣ የሰው ሹፌር ከምታሳቅቅ የራስህን ነገር ጻፈው» አለችኝ። እኔም ሌላ የምነዳው ስለሌለኝ እስክሪብቶ ጨበጥኩ።

አብዛኛውን ዕድሜዬን የበላው የጅቡቲ መንገድ ነው። ተሳቢ ስጎትት፣ ከሚሌ በታች ያለውን ሐሩር ስጠጣ፣ ጎማ ስፈታ ነው የኖርኩት። የዚያን መንገድ ጉድ የሚያወራ ሹፌር በየሻይ ቤቱ ሞልቷል፤ እኔ አልደግመውም። ሹፍርና ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ጠጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ከ2013 እስከ 2016፣ ሪያድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በትንሽ መኪና ሳመላልስ ነው።

ሪያድ ስገባ የተቀበለኝ አያ ሙሄ ነው። የባቲ ሰው፣ የእናቴ ዘመድ፤ ከተማዋን ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የነዳባት። ዑድ በሚባለው ሰፈር፣ ከባጥሐ ገበያ ጀርባ ባሉት የድሮ የጭቃ ቤቶች መካከል ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ጺሙ በሒና የቀላ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚስቅ ሰው ነው። አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። አዲስ መኪና ሲሰጠው መጀመሪያ መሪው ጋ አይቀመጥም። ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ዝም ብሎ ይቆያል። ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትመታ፣ የኤሲው ብርድ ጉልበት ላይ ይረፍ ፊት ላይ፣ የቀበቶው ብረት በበጋ እንዴት ሥጋ እንደሚጠብስ ሁሉን ከዚያው ያየዋል። «አንተ ሰይድ» ይለኝ ነበር፣ «የምትጭነው ሲሚንቶ አይደለም። ሲሚንቶ ፀሐይ መታኝ አይልም።»

እኔን ሲያሠለጥነኝ ራሱ መዳም ይሆናል። የኋላ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ፣ ሻሹን አፉ ላይ ጥሎ፣ በቀጭን ድምፅ «ሽወይ ሽወይ፣ ቀስ በል አንተ ሹፌር» እያለ ይገሥጸኛል። መጠብ የሚሏቸውን የመንገድ ጉብታዎች ስሻገር ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዞ ይቀመጣል፤ ጠብ ካለ ምሳ ጋባዡ እኔ ነኝ። አቦ፣ ያን ሰሞን ብዙ ምሳ ጋብዣለሁ።

የመጀመሪያው ከፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪ ማለት ነው፣ ሴት ተማሪዎች የሞሉበት ቤት ነበረው። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ሳያጉላላ አወጣልኝ፤ ደመወዙም ባይበዛ አልተቋረጠም። እኔ ጠዋት ጠዋት ተንጫጪ ወፎች እንደጫነ ሰው ጆሮዬን ይዤ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ጥቂት ወራት እንደሠራሁ ቤተሰቡ ጂዳ ሊዛወር ሆነና፣ «ዘመዶቻችን ጸባየኛ ሹፌር ይፈልጋሉ» ብሎ መለዝ ወደሚባለው ሰፈር አሻገረኝ። እዚያ ነው አቡ ፈሀድን ያገኘኋቸው።

በዚያ አገር ሰው በበኩር ልጁ ስም ይጠራል። አቡ ፈሀድ ማለት የፈሀድ አባት ማለት ነው። እኛ ሠራተኞቹ ባባ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ሽቶ የሚወዱ፣ ከዘራቸውን እንደ ባለሥልጣን የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ኑራ አስተማሪ ናት፤ አብላ ኑራ እላታለሁ። ፈሀድ ትልቁ ልጅ ነው፤ በከተማው ሰሜን የራሱ ቪላ ያለው፣ ግዙፍ፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ነጋዴ። ዓርብ ዓርብ አባቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ባባ «አቡ ፈሀድ» ሲባሉ ሁልጊዜ ቀና ይሉ ነበር። የጠፋባቸው ፈሀድ ራሱ ነው።

አሁን የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። አረብኛዬ የወሎ ቁርአን ቤት አረብኛ ነው። ልጅ ሆነን «መን ረቡከ?» ተብለን ተምረናል፤ ጌታህ ማን ነው ማለት ነው። ስለዚህ በእኔ ስሌት የአረብኛው «መን» የእኛው «ማን» ነው። እሳቸው ደግሞ እንደ ከተማው አነጋገር «ሚን?» ይላሉ። እንግዲህ «መን» «ማን» ከሆነ «ሚን» «ምን» ነዋ። ይህን ያህል ቋንቋ በመቻሌ ኮርቼም ነበር።

መጀመሪያ ቀን የመኪናውን በር ከፍቼ ስቆም ባባ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሚን?» አሉ። ምን አይነት ጥያቄ ነው ብዬ፣ «ሰያራ» አልኳቸው፤ መኪና ነው ማለቴ ነው። «ሰያራ?» አሉ። «አዎ ባባ፣ ሰያራ፤ ንፋስ ልንቀበል።» ፈገግ ብለው ገቡ። ሻይ ሳቀርብላቸው «ሚን?» ይላሉ። «ሻይ፣ ከናዕናዕ ጋር።» ተቀብለው ይጠጣሉ። ጫማቸውን ላደርግላቸው ስንበረከክ «ሚን?» «ጫማ ነው ባባ፣ ጥቁሩ።» እግራቸውን ይሰጡኛል። ሚስኪን፣ የዕቃ ስም ሁሉ ጠፍቶባቸዋል እያልኩ አዝንላቸው ነበር።

ብዙ ከሰነበትኩ በኋላ አንድ ቀን አብላ ኑራ ከኋላ ወንበር ኒቃቧን አፏ ላይ ጭና ስትንፈቀፈቅ ሰማኋት። «ሰይድ» አለችኝ ሳቋ ሲለቃት፣ «አባቴ እኮ አንተን ማን ነህ እያለ ነው የሚጠይቅህ። አንተ መኪና ነኝ፣ ሻይ ነኝ፣ ጫማ ነኝ ትላለህ።» ውሃ ሆንኩ። ስሜን ልነግራቸው ዘወር ስል ግን ከለከለችኝ። «ተው፣ እንዳትለውጠው። እኛ ማንነታችንን ስንነግረው ማወቅ የነበረበትን እንዳላወቀ ይገባዋል፤ ያኔ ይፈራል። አንተ ስትመልስለት የሚያውቀው ሻይ ነው፤ ሻይ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ጠላት አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንዳንተ ነው የምለው።» ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ሁለት ሻይና ጫማ አገኘ።

አንድ ሰሞን ባባ መኪና ውስጥ አልገባም አሉ። በሩ ጋ ይደርሳሉ፣ ወደ ታች ያያሉ፣ ከዘራቸውን ተክለው ይመለሳሉ። ብለምን፣ ብደልል ወይ ፍንክች። ለአያ ሙሄ ነገርኩት። በማግስቱ መጣና እንደ ልማዱ መሪውን ሳያይ የባባ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሄደ። አንድ እግሩን ከማስገባቱ በፊት ቆመ። ዓይኑን አጨንቁሮ ቁልቁል አየ። «ይሄ ጥቁር የእግር ላስቲክ በሳቸው ዓይን ጉድጓድ ነው» አለኝ። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ አንተ ላስቲክ ታያለህ፣ እሳቸው ገደል።» ከባጥሐ አሸዋማ ቀለም ያለው ምንጣፍ ገዝተን አነጠፍን። ባባ በማግስቱ ዘው ብለው ገቡ። አያ ሙሄ ዛሬ በሕይወት የለም፤ አላህ ይርሐመው፤ ሰው መኪና ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር እግሩ ሥር የማየው ከሱ ወርሼ ነው።

ክፉውን ቀን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ። አንድ ረፋድ ባባ ባጥሐ እንውረድ አሉ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። መፋቂያ ሊገዙ ፈልገው መንገድ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ሞተሩንና ኤሲውን ሳላጠፋ መፋቂያ ሻጩ ጋ ዘለልኩ፤ ከመኪናው እዚያ ድረስ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ስመለስ በሩ ተከፍቷል፣ ኤሲው ለባዶ ወንበር ይነፍሳል። ክው አልኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል «ባባ! ባባ!» እያልኩ ሮጥኩ። ያገኘሁትን ነጭ ጀለቢያ ሁሉ እያዞርኩ ፊቱን አየሁ። ለአብላ ኑራ ደወልኩ፤ እሷ ለወንድሟ ደወለች። ለአያ ሙሄም ደወልኩ።

አያ ሙሄ መልሶ ደወለ። «ና ወደ ዑድ፤ ሽማግሌህ እኛ ቅያስ ናቸው፤ የሰው ቤት ወርሰዋል» አለኝ።

ባባ ያደጉት ለካ ዑድ ነው። እግራቸው መንገዱን አልረሳም። የልጅነት ቤታቸው ግን አሁን የእኛ አገር የቀን ሠራተኞች ተደራርበው የሚኖሩበት ነው፤ አብዛኞቹ ወረቀት የላቸውም። ሽማግሌው ሽቷቸው ከሩቅ እየሸተተ፣ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ሲገቡ አንዱ «ጀዋዛት!» ብሎ ጮኸ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ተቆጣጣሪ መጣ ማለቱ ነው። ሁሉም በጣራ በኩል እግሬ አውጪኝ አለ። የቀረው ታደለ ብቻ ነው። ታደለ የላስታ ልጅ፣ ግንበኛ፤ ከመወጣጫ ወድቆ እግሩ በጄሶ ታስሮ ስለነበር መሮጥ አይችልም። ባባ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለው «ሚን?» አሉት። ታደለ ማተቡን ሸሸግ አድርጎ፣ «ወላሂ ባባ፣ ማፊ አሐድ» አላቸው፤ ማንም አይደለሁም ማለቱ ነው። ባባም፣ «ደግ ነው፣ ማፊ አሐድ፣ ሻይ አምጣ» አሉት። እኔ ስደርስ ሻዩን እየጠጡ፣ ጣራው ክረምት ሳይገባ ጭቃ እንደሚያስፈልገው እየነገሩት ነበር። ታደለ፣ «ወንድሜ ሰይድ፣ የቤት ኪራይ ሊጨምሩ ነው የመጡት?» አለኝ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቅሁ።

ሳቄ ሳያልቅ ፈሀድ ደረሰ። ላቡ በጺሙ ይወርዳል። «ያባ፣ አባቴ፣ እንሂድ ወደ ቤት» አለ። ባባ «ሚን?» አሉ። «ፈሀድ ነኝ! ልጅዎ ፈሀድ! እንዴት ይረሱኛል?» ድምፁ ከፍ ሲል ባባ ተነስተው ታደለ ጀርባ ተሸሸጉ፤ ክራንቹን ይዘው አልለቅም አሉ። አባቱ እሱን ፈርተው የማያውቁት ግንበኛ ጀርባ ሲጠጉ ያ ግዙፍ ሰው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አንጀቴን በላው። ባባን «ሰያራ» ብዬ ወደ መኪናው ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ፈሀድ ቁርጡን ተናገረ። ከከተማው ውጭ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ማእከል አለ፤ ከዒድ በኋላ ባባ ወደዚያ ይሄዳሉ። አብላ ኑራ ብትለምነው፣ «ያለበትን ለማያውቅ ሰው እዚህም እዚያም አንድ ነው። እኔንም አያውቀኝም» አላት። እኔን ሊያባርረኝም ነበር፤ እሷ ናት ያስተረፈችኝ። የዚያን ቀን ማታ እህል አልበላሁም። የጠፉት በእኔ እጅ ነውና እሳቸው ከቤታቸው የሚወጡት በእኔ ሰበብ ሆኖ ተሰማኝ።

አብላ ኑራ ግን አልቅሳ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ያኔ ሪያድ ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ ወጣቶቹ ግን በገዛ ካሜራቸው አጫጭር ድራማ እየሠሩ ኢንተርኔት ላይ ይለቁ ነበር። እሷም ከጓደኞቿ ጋር ትሠራ ነበር። «ወንድሜን በክርክር አልረታውም» አለችኝ። «ፊልም አሳየዋለሁ። በፊልሙ ውስጥ አባቴ አይታይም፤ ካሜራው ራሱ አባቴ ነው። እሱ የሚያየውን ብቻ ነው የምናየው።» እኔ በሐሳቤ አያ ሙሄን የሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። «ገብቶኛል አብላ» አልኳት።

ፈሀድ ሆኖ የሚተውን ሰው ስትፈልግ ታደለን አመጣሁላት፣ ሁለት ጓደኞቹንም ጨምሬ። ታደለ በር ላይ ይዞኝ ቀረ። «ወንድሜ፣ ይሄን ቪዲዮ ጀዋዛት ቢያየውስ?» አብላ ኑራ ከዚህ ቤት እንደማይወጣ በአላህ ስም ማለችለት። ከዚያ የባባን ጀለቢያ አለበስነው፤ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ቀረ። ራሱ ላይ ያደረግንለት፣ ሻሹን የሚይዘው ጥቁር ቀለበት በየደቂቃው አፍንጫው ላይ ይወርዳል። ቆጣ ብሎ እንዲገባ ስንነግረው እየሳቀ ይገባል፤ «እንዴት ብዬ ነው አረብ የምቆጣው? አስለምዱኝ እንጂ» ይላል። ባባ ራሳቸው ከሁላችን በላይ ደስ ብሏቸው ነበር። ሠርግ መስሏቸው ለሁሉም ሻይ ያዝዛሉ። መሀል ላይ ወደ ካሜራው ተጠግተው፣ በመስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን ፊት አይተው «ሚን?» አሉ። ኑራ ቀረጻውን አላቋረጠችም።

ከዒድ በፊት ባለ አንድ ዓርብ፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ነጭ አንሶላ ሰቀልን። ፈሀድ መሬት ላይ ካለው ትራስ ተደገፈ፤ ባባ አጠገቡ፤ ኑራ ፕሮጀክተሩ ጋ፤ እኔ በር ላይ።

ፊልሙ ተጀመረ። መኪና በር ይከፈታል፤ እግር ሥር ጥቁር ገደል አለ። ቀና ሲሉ ግድግዳው ትናንት ቢጫ ነበር፣ ዛሬ አረንጓዴ ነው። ሶፋው ቦታ ለቋል። ጽዋው እጅ ውስጥ አለ፤ ማን እንደሰጠ አይታወቅም። ከዚያ በሩ ይከፈትና አንድ የማይታወቅ ሰው እየተቆጣ ይገባል። ታደለ ነው። ከአፉ የሚወጣው ግን የፈሀድ ድምፅ ነው። ፈሀድ መምጣት ባልቻለ ጊዜ ለአባቱ ይሰማላቸው ብሎ በኑራ ስልክ የላካቸውን የድምፅ መልእክቶች ነበር የለጠፈችበት። «ያባ፣ ፈሀድ ነኝ። ልጅዎ ነኝ። እንዴት ይረሱኛል?» በሩ ይዘጋል፤ ደግሞ ይከፈታል፤ አሁን ሌላ ሰው ነው፤ ድምፁ ያው። ሦስተኛም ይመጣል። ሁሉም ፈሀድ ነኝ ይላል፣ ሁሉም ይቆጣል፣ አንዱም ፈሀድን አይመስልም። በዚያ ሰዓት እኔ ራሴ ፈራሁ፤ ሦስቱንም ከዑድ ያመጣኋቸው እኔ ሆኜ።

ፈሀድ ብድግ አለ። ማሽኑን ሊሰብረው ነው ብዬ ተጠጋሁ። «አጥፊው» አለ። ኑራ አላጠፋችም። ቆሞ እስከ መጨረሻው አየ። አንሶላው ነጭ ብቻ ሆነ።

ባባ በፊልሙ ተደስተዋል። ዘወር ብለው ፈሀድን አዩና «ሚን?» አሉት።

ፈሀድ አጠገባቸው ቁጭ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈሀድን ልጠይቅ መጥቼ ነበር» አለ።

«ፈሀድ ትምህርት ቤት ነው» አሉ ባባ። ወዲያው ፊታቸው ተጨነቀ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ሂድ አምጣው፣ ያላ። ፀሐይ ሲመታው አፍንጫው ይደማል፤ በእግሩ እንዳይመጣ» አሉኝ።

ዓርብ ትምህርት ቤት ዝግ ነው ልል ነበር፤ ምላሴን ያዝኩ። ፈሀድ እጁን አፍንጫው ላይ አደረገ። ተነሳና፣ «አብሬው ልሂድ፣ አጎቴ» አላቸው።

መኪናው ጋ ስንደርስ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። ከመስጊዱ ባሻገር ያለውን አደባባይ ዞርኩት። በስፖኪዮው ሳየው የዚያን ሁሉ ሰው ትከሻ ልቅሶ ያርገፈግፈዋል። «ሰይድ» አለኝ ቆይቶ፣ «የማእከሉን ነገር ትቼዋለሁ። ለኑራ ራሴ እነግራታለሁ።» አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ወዲህ፣ በ2016 ወደ አገሬ እስክገባ ድረስ፣ ፈሀድን ስንት ዓርብ ከትምህርት ቤት እንዳመጣሁት እኔና እሱ ነን የምናውቀው።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ግን ፊቱን በሻሹ ጠርጎ ቀድሞኝ ገባ። «አሰላሙ አለይኩም ያባ።»

ባባ ብዙ አዩት። «ዘገየህ» አሉት።

«አዎ ያባ፣ ዘገየሁ።» ጎንበስ ብሎ ግንባራቸውን ሳመ።

«ና ተቀመጥ» አሉና አጠገባቸው ያለውን ትራስ መታ መታ አደረጉለት። «አንድ ሰው ሊጠይቅህ መጥቶ ነበር፤ አሁን ወጣ። ደግ ሰው ይመስላል፤ ግን የሆነ ሐዘን አለበት።»

ፈሀድ እጃቸውን ያዘ። «አገኘሁት ያባ» አላቸው። «በር ላይ ተገናኘን።»